በመኪና ወደ ነጭ ሣር

የዱር አራዊት ለማየት የግድ ኬንያ ወይም ደቡብ አፍሪካ መውረድ ያስፈልጋል የሚል ሰው በአዲስ አበባ አይጠፋም። ባለቤቴና እኔ ግን የዓመት ፈቃዳችንን ተቀብለን፣ መሪውን እየተፈራረቅን፣ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሴቻ ከሚባለው ከላይኛው ሠፈር ቁልቁል የተመለከተ ሰው ሁለት ሐይቆች ባንድ ጊዜ ያያል። ቀላ ያለው ዓባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ ነው። ዓባያን ያቀላው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። በመካከላቸው ያለውን ከፍታ የእግዜር ድልድይ ይሉታል፤ ስሙ አልበዛበትም።

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ለትንሽ መኪና አይመከርም። ከሜዳው ስንደርስ የሜዳ አህዮች ነጣ ባለው ሣር ላይ ተሰማርተው አገኘናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቆርኬ ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አላየንም፤ ቁጥሩ እጅግ ተመናምኗል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአንዲት ወፍ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና ገጭቷት የሞተች ወፍ ቅሪት አገኙ። ለማስረጃ የያዙት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኗ ታውቆ በላቲን «ሶላላ» ተባለች፤ «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው።

ይህን ስነግራት ባለቤቴ መሪውን ተቀበለችኝ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም እስከ ፓርኩ በር ድረስ ቀስ ብላ ነዳች።