የእጮኝነታችሁ ደብዳቤዎች የት አሉ?

በእጮኝነታችሁ ዘመን ከኢንተርኔት ካፌ፣ በደቂቃ እየከፈላችሁ የተጻጻፋችኋቸው ኢሜይሎች ዛሬ የት ናቸው? እኔ አዲስ አበባ፣ ባለቤቴ ጀርመን ሆነን የእጮኝነታችንን 3 ዓመት ያሳለፍነው በያሁ ነው። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ አሁን ለማንበብ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል! ግን የጸሎት ርእሶቻችን፣ እግዚአብሔር የመለሰልንም ያልመለሰልንም፣ ሁሉም እዚያ አሉ።

ያሁ ከ12 ወር በላይ ያልተገባበትን የፖስታ ሳጥን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ጉግልም 2 ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከዲሴምበር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ግቡ።

ጂሜይል ከሆነ ‹ጉግል ቴክአውት› ላይ ሜይልን ብቻ ምረጡ፤ የምታወርዱት ‹ኤምቦክስ› የተባለ ፋይል ተንደርበርድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይነበባል። ለያሁ ደግሞ ተንደርበርድን ከአካውንታችሁ ጋር አገናኝታችሁ ደብዳቤዎቹን ‹ሎካል ፎልደርስ› ወደሚለው ገልብጡ። ይህቺን አትዝለሏት፤ አለዚያ ከያሁ ሲጠፋ ከኮምፒውተራችሁም ይጠፋል። አንድ ቅጂ በፍላሽ ያዙ።

ምን እንደሚቀመጥ ግን ሁለታችሁም ተስማሙ። ባለቤቴ «የተጣላንበትም ይቀመጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቀመጥ አልኩት፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ደብዳቤ ከሥሩ አለና።