ሳሩስ?

በኔ እጅ ያለፋችሁ የኮልፌ ልጆች፣ ደወላችንን ታስታውሳላችሁ አይደል? ባሕር ዛፉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለውን ብረት ማለቴ ነው። ዘበኛችን በመዶሻ ሲመታው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርስ ነበር። አርፍዳችሁ ስትመጡ «ቲቸር፣ ደወሉ አልተሰማንም» የምትሉትን ለምን እንደማላምናችሁ ዛሬ ልንገራችሁ። እኔ ራሴ 18 ማዞሪያ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር!

ያ ብረት የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። አንድ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው አምጥተው የሰጡን። ለዓመታት በሥሩ ሳልፍ እኔም ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ያየሁት አባቴ ትምህርት ቤት የመጣ ቀን ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡር ነጂ እንዳይመስላችሁ፤ ሐዲድ ጠጋኝ ነው። በሞጆ አካባቢ ለሱ ቡድን የተሰጠች ቁራጭ መሥመር ነበረቻቸው። ትልቅ ቁልፍና መዶሻ ተሸክመው በየቀኑ በእግራቸው ይሄዱባታል። የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ የሸሸውን ጠጠር ይመልሳሉ፣ በሐዲዱ መሃል የበቀለውን ሳር ይነቅላሉ። በተለይ ሳሩን። «ሳር ውሃ ይይዛል፣ ውሃ አፈሩን ያላላል፣ አፈሩ ከላላ ሐዲዱ ይሰምጣል» ይል ነበር። ጡረታ ወጥቶ፣ እናቴም ካረፈች በኋላ፣ እኔ ጋ ኮልፌ መጥቶ ኖረ።

ያን ቀን የረሳሁትን ምሳ ይዞልኝ መጥቶ ነው። ከክፍል ስወጣ ደወሉ ሥር ቆሞ ብረቱን በመዳፉ ሲያሻሽ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል።

«ይቺን ከየት አመጣችኋት?»

«ሰው ሰጥቶን ነው አባባ።»

መልስ ሳይሰጠኝ ብረቱን ዞር ዞር አድርጎ አየው። ከዚያ ጣቴን ይዞ ከሐዲዱ አናት በአንዱ ጎን በኩል አስኬደው። በዚያ በኩል ተበልቷል፤ በወዲያኛው በኩል ግን ድፍን ነው።

«ይቺ ከኩርባ ላይ ናት» አለኝ። «ባቡር ሲታጠፍ እግሩ የውጭኛውን ሐዲድ ይገፋዋል። እየገፋ፣ እየገፋ፣ በውስጥ ጎኑ ይበላዋል። ቀጥ ያለ ቦታ ቢሆን ኖሮ የሚያልቀው ከላይ ነበር።» ትንሽ ቆየና ትንፋሹን ለቀቀ። «በቃ፣ አልተሰረቀችም። ዕድሜዋን ጨርሳ ነው የወጣችው።»

ከዚያ በኋላ ነው ምሳዬን የሰጠኝ።

በኩርባ ነገር አባቴ እንዲህ የሚጠነቀቀው በከንቱ አልነበረም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አባቴ ያኔ ሥራ ላይ ነበር። ቦታው የሱ ድርሻ አልነበረም፣ የሐዲድም ጥፋት አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ እንኳ ተቀምጦ መንገዱ ሲታጠፍ ወንበሩን ጨበጥ ያደርግ ነበር።

ልጅ ለሆናችሁ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ አስተማሪ ምን ጊዜም አስተማሪ ነው፣ ቻሉኝ። አጼ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነሳ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣላት አልቻለም፤ በ1895 ዓ.ም ከሥር ሜዳው ላይ ደረሰና እዚያ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ። አሁን የምታዩት የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ሲሆን፣ «ለገሃር» ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ጣሊያን ሲቃረብ ከአገር የወጡት በዚሁ መሥመር ነው።

ከዚያ ቀስ በቀስ መድከም መጣ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ። ከባድ መኪናው ጭነቱን ወሰደው። ሐዲዱም አረጀ። በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ባቡር ቆመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሄን ጽሑፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ያጠፋሁት እዚህ ጋ ስደርስ ነው።

በ2004 ዓ.ም የአባቴ ዓይን ደክሞ ነበር። የሰው መልክ የሚለየው በድምፅ ነው። «አንድ ቀን ሞጆ ውሰደኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ፈተና አርሜ ልጨርስና አባባ» እላለሁ። ፈተና ታርሞ ሲያልቅ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ የአስተማሪን ኑሮ ታውቁታላችሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያቱ ፈተና አልነበረም። ለአንድ ለቅሶ ወደዚያ ስሄድ በመኪና መስኮት አይቼው ነበር። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ የለም። ያለበትም ቦታ ጨርሶ አይታይም። ይሄን እንዴት አድርጌ ላሳየው?

አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ዝም ብሎ ቆየና፣

«ሐዲዱስ አለ?» አለኝ።

«አለ አባባ፤ እንደነበረ ነው።»

ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ አሰበ።

«ሳሩስ?»

«ሳር የለም። ንጹሕ ነው» አልኩት።

«ጥሩ» አለ። ስኒውን አቀበለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ሞጆ ውሰደኝም አላለኝም። በዓመቱ አረፈ።

እኔ ያን ጊዜ ደስ ያሰኘሁት መስሎኝ ነበር። «በሰላም ይኑር፣ ምን አስጨነቀው» ብዬ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። የማርመው ፈተና የለም። ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ጠዋት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ሄጄ የከተማውን ባቡር ተሳፈርኩና ለገሃር ወረድኩ። አስቡት፤ የድሮው ባቡር ኮልፌን ረግጦ አያውቅም። ከ2008 ዓ.ም ወዲህ ግን እኛም የባቡር ሰፈር ሆነናል። ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ የጫማዬን ክር አጠበቅሁና ወደ አቃቂ አቅጣጫ በእግር ጀመርኩ። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከተማ ውስጥ የድሮ መሥመር መፈለግ ጥርስ እንደሌለው ሰው ማላመጥ ነው። እዚህ መንገድ ሆኗል፣ እዚያ ኮንቴይነር ተቀምጦበታል፣ ቀጥሎ አጥር መጣና ዞርኩ። ቢሆንም ዘዴው ገባኝ። ባቡር ድንገት አይታጠፍም፤ ዳገትም በአንዴ አይወጣም። ቤቶች በረጅም፣ በለስላሳ ኩርባ ተሰልፈው ካያችሁ፣ ያንን ኩርባ ያወጣው ሐዲዱ ነው። ሁለተኛው ምልክት ብረቱ ነው። የአጥር ቋሚ፣ የበር መቃን፣ የቦይ መሻገሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ጋራዥ በር ላይ የቆመውን ቋሚ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስዳስስ ባለቤቱ «ምን ጠፋብህ ጋሼ?» አለኝ። ከላይ ነው የተበላው። ከቀጥታ መሥመር ላይ የወጣ መሆን አለበት። ባለቤቱ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

በሁለተኛው ሳምንት የእህቴን ልጅ ብስክሌት ተውሼ፣ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ቢሾፍቱ ወረድኩ። ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ። የአባቴ አገር።

በብስክሌት ሄድኩ ብል ግማሹ ውሸት ነው። ጠጠሩ ላይ ብስክሌት አይነዳም፤ ግማሹን መንገድ የገፋሁት እኔ ነኝ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያማረ መንገድ ነው። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ ቆሟል፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራው አረንጓዴ ነው፣ መሥመሩ በመሃሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሐዲዱ ያለበት አለ፣ የተነሳበትም አለ። በተነሳበት ቦታ አግዳሚ ብረቶቹ የተኙበት ጎድጓዳ እንደ መሰላል መወጣጫ ተደርድሮ ይታያል። የአፈር ድልድሉ ግን አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት አልተናደም።

አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አካም» አልኳቸው፣ በአማርኛ መለሱልኝ። ለምን በዚህ እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው።

«ክረምት ሲሆን ሌላው ሁሉ ጭቃ ነው። ይሄ ውሃ አይዝም» አሉኝ።

አባቴ ቢሰማ! በአንድ ዓረፍተ ነገር የዕድሜ ልክ ሥራውን መሰከሩለት።

ከዚያ ኩርባው ጋ ደረስኩ። ሐዲዱ ነበረ። ብስክሌቱን አጋድሜ ተንበረከክሁና ጣቴን በውስጥ ጎኑ አስኬድኩት። ተበልቷል። ልክ እንደ ደወላችን። አባቴ ይቺን ኩርባ ስንት ጊዜ ዳስሷት ይሆን እያልኩ ቀና ስል፣ ያኔ ነው ያየሁት። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ሳር።

እዚያው ቁጭ አልኩ።

«ሳሩስ?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ። ባቡሩ መቆሙን እኮ ያውቃል፤ ሬድዮ ከጆሮው አይለይም ነበር። ባቡር ከሌለ ጠጋኝ የለም። ጠጋኝ ከሌለ ሳር የሚነቅል የለም። አንድ ክረምት ብቻ ይበቃዋል። ሳር የሌለበት፣ ባቡርም የማያልፍበት ሐዲድ በዓለም ላይ የለም። ይሄን ከሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ዕድሜውን ሙሉ የነቀለው እሱ ነው።

ጥያቄው ስለ ሳሩ አልነበረም። እኔን ነው የጠየቀኝ። እውነቱን ትነግረኛለህ ወይ ነው ያለኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ደወሉ አልተሰማንም» እያላችሁ አትዋሹ ያልኩ ሰውዬ፣ ዓይኑ የማያይ አባቴን ፊት ለፊት ዋሸሁት። እሱም አወቀ። አውቆም «ጥሩ» አለኝ። ሊያሳፍረኝ አልፈለገም።

ሽማግሌው ሲመለሱ እዚያው ተቀምጬ አገኙኝ። አሞኝ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። ሳሩን አሳየኋቸውና፣ «ይሄ ሳር አይነቀልም?» አልኳቸው።

«ለምን ይነቀላል? ለከብት እናጭደዋለን። አይታረስበት፣ ጥሩ ሳር ነው» አሉኝ።

ትንሽ ሳቅሁ። ትንሽም ሌላ ነገር። ሞጆ እስክደርስ ብስክሌቱን በእጄ ገፋሁት፤ መንዳት የሚቻልበት ቦታ ላይም ጭምር።

አንዳንዶቻችሁ «አዲሱ ባቡር አለ አይደል፣ የድሮው ምን ያደርጋል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ፤ በ2009 ዓ.ም መስከረም የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ከሰበታ የሚነሳው። ለኛ ለኮልፌዎች ሰበታ ቅርባችን ናት። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። እኔ ባቡሩ ይመለስ እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት፣ ወላጆቻችሁ «ውሰደኝ» ወይም «ውሰጂኝ» የሚሏችሁ ቦታ ካለ ውሰዷቸው ነው። ቦታው ፈርሶ ይሆናል። ይፍረስ። ሰውየው ከኛ በላይ ያውቀዋል፤ መፍረሱንም ይችለዋል። የማይችለው ብቻውን እንዲያውቀው መተውን ነው።

ደወላችንን ደግሞ ጠይቄ ነበር። አሁን በኤሌክትሪክ የሚጮህ ደወል ተተክቷል። ብረቱ ግን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አለ፣ ዝጎ። ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ ከታች አስቀምጡልኝ። ወላጆቹ ምድር ባቡር የሠሩ ካለም ስለነሱ አንድ ነገር ይጻፍልኝ።

በመጪው እሑድ ከለገሃር ወደ አቃቂ ድጋሚ እሄዳለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጦር ኃይሎች ፌርማታ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ውሃ፣ ቆሎ። አዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ ግን አይቻልም፤ ባቡር ያልፍበታል፣ ከላይም ኤሌክትሪክ አለው። የምንሄደው የድሮውን ነው።

አርፍዶ የመጣ «ደወሉ አልተሰማኝም» ማለት አይችልም።

አባባ፣ ሳሩ በዝቷል። እስከ ወገብ ይደርሳል። ድልድሉ ግን ውሃ አይዝም።

ቸር ያሰማን።