ዘር፣ ልጓምና ዥንጉርጉር ሆድ

አበው ስለ ሰው ጠባይ የተናገሯቸው ሦስት ምሳሌዎች አሉ። ሦስቱም በየቤቱ ይነገራሉ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የሚጣሉ ይመስላሉ። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሁለተኛው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እያለ ያሾፋል። ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ጠባያቸው አልገጥም ሲል «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ሰውን የደሙ ልጅ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የጎረቤቱ ልጅ፤ ሦስተኛው ግን ለማንም አይሰጠውም።

ስለ ዘረ መል፣ ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ባህል ባነበብሁ ቁጥር እነዚህ ሦስት ንግግሮች በአእምሮዬ ይመላለሳሉ። ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጉዳይ በአያቶቻችን አፍ በሦስት መስመር ተጠቃሎ መኖሩ ያስገርመኛል። ሳይንሱ የጨመረልን ሚዛኑን ነው፤ የትኛው ምሳሌ እስከ የት ድረስ እውነት እንደ ሆነ፣ ከየት ጀምሮም ሐሰት እንደሚሆን።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሁለት የ39 ዓመት ጎልማሶች ተገናኙ። ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትዮች ናቸው፤ ገና በአራት ሳምንታቸው ለሁለት ቤተሰቦች በማደጎ ተሰጥተው ተለያይተዋል። ሁለቱም አሳዳጊዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ልጃቸውን ጂም ብለው ሰይመውታል። ጂም ሉዊስና ጂም ስፕሪንገር ሲገናኙ ሁለቱም መጀመሪያ ሊንዳ የምትባል፣ ቀጥሎም ቤቲ የምትባል ሴት ማግባታቸው ታወቀ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበረው ቶማስ ቡሻርድ ጠርቶ መረመራቸው፤ ከዚያም ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ለሃያ ዓመት ያህል ሲያጠና ኖረ።

አንባቢ ሆይ፣ «ሊንዳን አግባ» የሚል ዘረ መል የለም። የስሞቹ ነገር ግጥጥሞሽ ነው፤ ስሞቹ በዚያ አገር በዚያ ዘመን የተለመዱ ነበሩ። ቁም ነገሩ ያለው ወሬ በማይሆነው ክፍል ነው። ቡሻርድና ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጥናት ተለያይተው ያደጉ መንትዮች በብዙ የጠባይ መለኪያዎች አብረው ካደጉ መንትዮች ባልተናነሰ ይመሳሰሉ ነበር። በ2015 ደግሞ የሃምሳ ዓመት የመንትዮች ጥናት በአንድነት ተገመገመ፤ 2,748 ጽሑፎች፣ ከ14 ሚሊዮን በላይ ጥንዶች። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ለውርስ የተሰጠው ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ዘር ይስባል። የቁጣ ወይም የዓይን አፋርነት የሚባል አንድ ዘረ መል ግን አልተገኘም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚገፉ እጅግ ብዙዎች ናቸው።

ይህ «ግማሽ» የሚባለው ቁጥር በቀላሉ ያሳስታል። የአንድ ሰው ጠባይ ግማሹ ከደሙ፣ ግማሹ ከሰፈሩ ተዋጥቶ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው የዘረ መል ሊቅ ነገሩን በእህል ያስረዳ ነበር፤ ምሳሌውን ወደ እኛ ማሳ ላምጣው። ልዩ ልዩ ዝርያ የተቀላቀለበት ጤፍ ከአንድ ጆንያ ተዘግኖ ሁለት ቦታ ይዘራ፤ አንዱ ጥቁር አፈር ላይ፣ ሌላው ጭንጫ ላይ። በአንዱ ማሳ ውስጥ አንዱ ቡቃያ ከሌላው መብለጡ ከዘሩ ነው፤ አፈሩ አንድ ነውና። የጥቁር አፈሩ ማሳ በጠቅላላው ከጭንጫው መብለጡ ግን ከአፈሩ ነው፤ ዘሩ አንድ ነውና። ሌዎንቲን ራሱ በ1972 እንዳሳየው የሰው ልጆች የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል አይደለም።

ይህን የማነሣው በእኛ ቋንቋ «ዘር» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ስለ ተሸከመ ነው። የሚዘራው እህል ዘር ነው፤ ሰው የሚመደብበትም ዘር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር እጅግ ቀላል ነው፤ ያስከፈለንም ብዙ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት «ዘሯ ነው» እየተባለች ስትገፋ ኖራለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ይመሰክራል። የጭንጫው ማሳ ሰው ስለ ዘሩ ሲወቀስ የኖረበት ታሪክ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም ሰው ገድሏል። በስታሊን ዘመን ሶቪየት ኅብረት ሁሉ ነገር በአካባቢ ይለወጣል የሚለው የሊሴንኮ ትምህርት ሲነግሥ የዘር ሳይንስ ተወገዘ። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘራችንን ሲሰበስብ የነበረው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዲሚትሪ ቤልያየቭ የተባለውም የዘረ መል ሊቅ የነበረ ታላቅ ወንድሙ በ1937 ተገድሎበታል።

ይህ ቤልያየቭ በ1959 በኖቮሲቢርስክ የጀመረው ሥራ ዝግመተ ለውጥ ጠባይን እንዴት እንደሚቀርጽ በዓይን አሳየ። ለፀጉራቸው ከሚረቡ ብርማ ቀበሮዎች መካከል ሰውን እምብዛም የማይፈሩትንና የማይናከሱትን ብቻ እየመረጠ አዋለደ። በስድስተኛው ትውልድ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ የሰው እጅ የሚልሱ ቡችሎች ተወለዱ። እሱ በ1985 ካረፈ በኋላም ባልደረባው ልዩድሚላ ትሩት ሥራውን ቀጠለችበት። በሰው ልጅም ላይ ይህን የመሰለ ነገር ሳይደርስ አልቀረም የሚሉ አሉ፤ ከእነሱም አንዱ ሪቻርድ ራንግሃም ነው። በእሱ አስተሳሰብ የጥንት ሰዎች ተባብረው ጨካኙን ከመካከላቸው ሲያስወግዱ በብዙ ትውልድ ጠባያቸው ለዘበ። ይህ ገና የሚከራከሩበት መላ ምት ነው።

ባህል ዘርን ሊለውጥ መቻሉ ግን በወተት ተረጋግጧል። ከብት አርቢ ሕዝቦች ወተት መጠጣት በመልመዳቸው፣ ሲያድጉም ወተት እንዲስማማቸው የሚያደርግ የዘረ መል ለውጥ በመካከላቸው በዛ። ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በ2007 እንዳሳተሙት በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን የተገኙት ለውጦች ከአውሮፓው የተለዩ ናቸው፤ ያው ልማድ በተለያየ ቦታ በየራሱ መንገድ ዘሩን ስቦታል። ልጓምም ዘርን ይስባል ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በሺህ ዓመታት።

አሁን ወደ ጊደሯ ልምጣ። ሺንዪን ቼን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሻንጋይ ዓይን አፋር ሕፃናትን በሦስት ጊዜያት ተመለከቱ፤ በ1990፣ በ1998 እና በ2002። በመጀመሪያው ጊዜ ዓይን አፋሩ ልጅ በእኩዮቹ የተወደደ፣ በመምህራኑ የተመሰገነ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ግን ያው ጠባይ ያለው ልጅ የተገለለና የተከፋ ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የቻይና ሕፃናት ዘረ መል አልተለወጠም። የተለወጠው ከተማዋ ከልጆቿ የምትፈልገው ነገር ነው። እኛም ይህን እናውቀዋለን። በታላላቆቹ ፊት ዓይኑን ሰበር አድርጎ የሚቆም ልጅ በቤቱ «ጭምት» ተብሎ ይመረቃል፤ ያው ልጅ ዋሽንግተን ሄዶ መምህሩ ፊት እንዲሁ ቢቆም «በራሱ የማይተማመን» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

የአባቴ አባት በቁጣቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በወሰን ሙግት ቆመው ሲናገሩ ዳኛው እንኳ ያደምጣቸው እንደ ነበር ይወራል። ለድሀ ጎረቤት ጠበቃ የሆኑትም በዚያው ቁጣ ነበር። እኔ በልጅነቴ ባኮረፍሁ ቁጥር አክስቴ «ቁርጥ አያቱን!» ትል ነበር። ዛሬ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በእንጨት የሠራው ቤት ሲፈርስበት እንጨቶቹን አንሥቶ ይወረውራል። አክስቴም ሸምግላ፣ ያንኑ ቃል ለእሱ ትለዋለች። ቃሏ ፍቅር ያለበት ቃል ነው። ሕፃኑን ካላያቸው ሰው ጋር ታዛምደዋለች። ልጁም ቀና ብሎ ያዳምጣታል።

ይህን ማዳመጡ ነው የሚያሳስበኝ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ማለት ስለ ዘር የተነገረ ይምሰል እንጂ፣ ለልጅ ሲነገር ራሱ ልጓም ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ገና የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ቁጣ ርስቱ እንደ ሆነ ከታላላቆቹ ከሰማ እንደ ርስት ሊጠብቀው ይችላል። ታዲያ ዝም ይባል? እንደዚያም አይመስለኝም። ግለቱ ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ልጅ ክፋቱ የራሱ ብቻ መስሎት ያፍራል።

ለዚህ ጥያቄ የሚረዳኝ ሦስተኛው ምሳሌ ነው። በሜክሲኮና በቴክሳስ ወንዞች የምትኖር አማዞን ሞሊ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች። ዝርያዋ ሁሉ ሴት ነው፤ ልጆቿም የእናታቸው ቅጂ ናቸው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እነዚህን ዓሦች ገና እንደ ተወለዱ ለየብቻ፣ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት በሆነ ገንዳ አሳደገ። ዘራቸው አንድ፣ ውኃቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ነው። ሆኖም አንዷ ፈጣን፣ ሌላዋ ዝግተኛ ሆኑ፤ እያንዳንዷም የራሷን ጠባይ ያዘች። ተመራማሪዎቹ የልዩነቱን ምንጭ ለይተው ሊጠቁሙ አልቻሉም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ያሉት እናቶች ግን ባልተገረሙ ነበር። የመንትዮቹም ቁጥር ከጀርባው ሲነበብ ይህንኑ ይላል፤ በአንድ ዘር ተፈጥረው በአንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ ሁለት ሰዎች እንኳ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከዘርም ከልጓምም የተረፈው ይህ ክፍል ነፃ ፈቃድ ነው ብዬ አልደፍርም፤ የዕድልና የአጋጣሚ ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል። ግን ማንም አስቀድሞ ሊጽፈው ያልቻለ ክፍል ነው፤ በሰው ልጅ ላይ ቀድሞ መፍረድን የሚከለክለውም እሱ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ሰዎች ፈረስ ጋላቢዎች ነበሩ። ፈረሱ ስለ ሳበ ልጓሙን አልጣሉትም፤ የሚስብ ፈረስም አልጠሉም። እኔም ለልጄ ልነግረው የምፈልገው የቅድመ አያቱን ቁጣ ብቻ አይደለም። በወሰን ሙግት ቀን፣ ድሀው ጎረቤታቸው ከኋላቸው ቆሞ ሳለ፣ ያንን ቁጣ ምን እንዳደረጉበትም እነግረዋለሁ።