ቁጣ ሁልጊዜ አይጮኽም

ተማሪን “ስሜትህን ሣል” ብትለው የሚያመጣልህ ይታወቃል፤ ለደስታ ፀሐይና አበባ፣ ለሐዘን እንባ ያዘለ ዓይን፣ ለፍቅር ቀይ ልብ። አይፈረድበትም። ያደግንበት ሥዕል በምልክት የሚናገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጽሑፉን ማንበብ አያሻንም።

ምልክትን የሚከለክል መልመጃ ያገኘሁት አሜሪካዊቷ የሥዕል መምህርት ቤቲ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። ወረቀቱ ስምንት ቦታ ይታጠፋል። በየሣጥኑ አንድ ስሜት፣ ቁጣ፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ድብርት እየተባለ፣ በእርሳስ ብቻ ይሣላል። ፊት፣ ልብ፣ ዝናብ፣ የሚታወቅ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። የሚቀረው መስመሩ ነው፤ ፍጥነቱ፣ ውፍረቱ፣ አቅጣጫው፣ እጅ ወረቀቱን የተጫነበት ኃይል።

“ቲቸር፣ ታዲያ ምን ልሣል?” ይላሉ ተማሪዎቼ መጀመሪያ። “የተናደዳችሁበትን ቀን አስቡና እጃችሁን ልቀቁት” እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ቁጣ እንደ መጋዝ ጥርስ ሹል ሹል ብሎ ይመጣል፤ ሰላም ደግሞ አግድም ይጋደማል። እኔም ከሩቅ እያየሁ የትኛው ሣጥን የቱ እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የአንዲት ልጅ የቁጣ ሣጥን ግን ባዶ መሰለኝ። ቀረብ ስል ጥጉ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች አየሁ። ወረቀቱን ገልብጬ በጣቴ ስዳስሰው እያንዳንዱ ነጥብ በጀርባው ጎብጦ ወጥቷል፤ አንዳንዱ በስቶታል። “ምን ማለት ነው?” ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። “እርሳሱን እንዴት ነበር የያዝሽው?” አልኳት። በጡጫዋ ጨብጣ አሳየችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ “እኛ ቤት ሰው ሲናደድ ዝም ነው የሚለው” አለች።

ያን ቀን ቀደም ብዬ የሠራሁትን የራሴን ወረቀት አየሁት። የእኔም ቁጣ መጋዝ ነበር፤ ከቀይ ልቡ የማይሻል፣ ከሌላ የተዋስኩት ምልክት። የመስመር መዝገበ ቃላት እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ስለ እጁ የተጠየቀ ልጅ የፈለገውን ያህል ይነግርሃል። ስለ ልቡ የተጠየቀ ግን ወይ ይዘጋል፣ ወይ አንተ ደስ የሚልህን መልስ ይሰጥሃል። ደግሞም እኔ የሥዕል መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ከነጥብ ተነስቼ የቤተሰብ ታሪክ ልጽፍ አልችልም።

ስለ እጅ መጠየቁ ለሌላም ትምህርት ጠቀመኝ። ገብረክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሠዓሊ ነው። “ጎልጎታ” የተባለውን ሥዕሉን ለተማሪዎቼ ሳሳይ “ምንድን ነው?” ማለቱን ትቻለሁ። “ቀዩን ሲቀባ እጁ እንዴት የሄደ ይመስላችኋል?” ስላቸው ከወንበራቸው ተነስተው በአየር ላይ ይቀባሉ።

አሁን መልመጃውን አብሬያቸው እሠራለሁ፤ እነሱም በተራቸው ይጠይቁኛል። “ቲቸር፣ እዚህ ጋ ለምን ቆምክ?” ሲሉኝ አንዳንዱን እመልሳለሁ፣ አንዳንዱን “ይለፈኝ” እላለሁ። ይለፈኝ ማለት ለእነሱም የተፈቀደ ነው። ይህን ካወቁ ወዲህ ሣጥኖቻቸው እርስ በርስ መመሳሰል ትተዋል።