ከካልጋሪ፦ የበረዶ ዜና እንዴት ይነበባል?

በስደት የሚኖር ሰው ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው የአገር ቤት ወሬ ነው። እኔም ከዚህ ልማድ አልወጣሁም። ባለፈው የካቲት ግን አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የእኅቴ ልጅ ቀሰቀሰኝና የእጅ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደገነው። “አጎቴ፣ 18 ሳንቲ ሜትር አዲስ በረዶ! ዛሬ ካልሄድን መቼ እንሄዳለን?” አለኝ።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ካልጋሪ ነው። እናቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። ማታ ለሥራ ስትወጣ “ወንድምዬ፣ ነገ ተራራ እንሂድ ማለቱ አይቀርም። ከሄዳችሁ አደራ፣ ከዓይንህ እንዳይጠፋ” ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ በረዶን የማውቀው ከመኪናዬ ላይ ስጠርገው ብቻ ነው። ቢሆንም አደራ ነውና ተነሣሁ።

ከተማዋን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ልበል። ካልጋሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,045 ሜትር ግድም ላይ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው ሊጀምር ሲል ባለው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድረው ይታያሉ። በ1ኛው አውራ ጎዳና ወደዚያው ሲነጉዱ፣ ገና ከከተማው ሳይወጡ በግራ በኩል እ.ኤ.አ. በ1988 ለተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የተሠራው መናፈሻ ይገኛል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ባንፍ፣ 180 ያህል ሲሄዱ ሌክ ሉዊዝ ይደረሳል። በየተራራው ላይ የበረዶ ሸርተቴ ቦታ አለ። ቅዳሜ ማለዳ የካልጋሪ ሰው ስኪውን መኪናው ላይ ጭኖ ወደዚያ ሲጎርፍ፣ ለጥምቀት ታቦት የሚያጅብ ሕዝብ ይመስላል።

የዚህ አገር በረዶ ግን ቃሉን የማይጠብቅበት አንድ ምክንያት አለው። ሺኑክ የሚባል ነፋስ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ እርጥበቱን በተራሮቹ ምዕራባዊ ጎን አራግፎ፣ ወደ ካልጋሪ ሲወርድ ደርቆና ሞቆ ይደርሳል። ማለዳ ከዜሮ በታች 20 የነበረው ቅዝቃዜ ከሰዓት በኋላ ከዜሮ በላይ ሊሆን ይችላል። ሊመጣ ሲል በምዕራብ ሰማይ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ የደመና ጠርዝ ይታያል። ሰዉ “በረዶ በሊታ” ይለዋል። በ1988ቱ ኦሊምፒክ ጊዜ እንኳ ውድድሮችን አስተጓጉሏል። መከራው ግን ነፋሱ ሲሄድ ነው። ቀልጦ የነበረው መልሶ ይረጋና መሬቱ መስተዋት ይሆናል።

መንገድ ላይ ልጁ የበረዶውን ዜና እያነበበ እንዲተረጉምልኝ ጠየቅሁት። ችግር ላይ ወደቅን። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋውንም፣ ይህን እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውንም “በረዶ” ብለን እንገላገላለን። አመዳይና ውርጭ የሚሉ ቃላት አሉን፤ እነሱም ቢሆኑ ባቄላው ለተመታበት ገበሬ እንጂ ለሸርተቴ የተበጁ አይደሉም። እንደ ምንም ብለን “ዱቄት”፣ “የተጠቀጠቀ”፣ “በመኪና የተደለደለ”፣ “ነፋስ ያጠነከረው ቅርፊት” እያልን ስም አወጣንለት።

ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲነግሩት “ማን ቆጠረው? የት ቆሞ? መቼ?” ማለት ይቀናዋል። ልጁን በጥያቄ አጣደፍሁት። እንደተረዳሁት ከሆነ በዜናው ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥሮች ይሰፍራሉ። አንደኛው በ24 ሰዓት ውስጥ የወረደው አዲስ በረዶ ነው። ሁለተኛው መሬት ላይ ተኝቶ ያለው የበረዶ ጥልቀት ነው። ሦስተኛው ክረምቱ ከገባ ጀምሮ የወረደው ሁሉ ድምር ነው። ሞኝ የሚታለለው በዚህ በሦስተኛው ነው። ድምሩ 5 ሜትር ቢል 5 ሜትር በረዶ አለ ማለት አይደለም። ግማሹ ቀልጧል፣ ከፊሉ በራሱ ክብደት ተጠቅጥቋል፣ ቀሪውንም ነፋስ ወስዶታል። ደመወዙን ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ደምሮ “ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ” እንደሚል ሰው ነው።

የመለኪያው ዘንግ የቆመበት ቦታም ትልቅ ነገር ነው። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ነፋስ በማይደርስበት፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይተከላል። ለምሳሌ ሌክ ሉዊዝ ግርጌው 1,646 ሜትር፣ ጫፉ 2,637 ሜትር ነው። በአንድ ተራራ ላይ ወደ 1,000 ሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ደጋና ወይና ደጋ እንደማለት። ስለዚህ ከበረዶው ቁጥር ጋር የጫፉንና የግርጌውን ሙቀት፣ የነፋሱንም ፍጥነት አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ደረስን። የቦታውን ስም አልጠራም፤ መካሰስ አልፈልግም። 18 ሳንቲ ሜትሩ እውነት ነበር፤ ግን ላይ፣ ዘንጉ አጠገብ። እኛ ጀማሪዎቹ ባለንበት ግርጌ ላይ ሺኑክ ሐሙስ ዕለት ያቀለጠው ዓርብ ሌሊት ረግቶ፣ ስስ ዱቄት ብቻ ተነስንሶበታል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በሦስተኛው አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ሕፃን አጠገቤ ቆማ “ደህና ነህ?” ብላ ጠየቀችኝ። ስኪውን አውልቄ ካፊቴሪያ ገባሁ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ የማውቀው ጥናት ትዝ አለኝ። ዚንማንና ዚትዘዊትዝ የሚባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሸርተቴ ቦታዎች የሚያወጡትን የበረዶ ቁጥር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመው ነበር። ያገኙት ነገር ያስቃል። ድርጅቶቹ ወረደ የሚሉት በረዶ ከሥራ ቀን ይልቅ ቅዳሜና እሑድ ይበዛል። ሰማዩ ግን የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን አይለይም። ቅዳሜና እሑድ የሚለየው ቲኬት ሻጩ ነው። ከ2009 ወዲህ ተንሸራታቾቹ ራሳቸው ከተራራው ላይ በእጅ ስልካቸው ያዩትን መጻፍ ሲጀምሩ ማጋነኑ ቀነሰ። ባለጉዳዩ ስለ ራሱ የሚያወጣው ዜና፣ ሌላ የሚናገር ሲመጣ አደብ ይገዛል። አገር ቤት በጋዜጣ ሥራ ሳለሁ የተማርሁት ትምህርት በበረዶ ላይ ተጽፎ አገኘሁት።

በምሳ ሰዓት ልጁ ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር መጣ። እናቱ የቋጠረችልንን ድፎ ዳቦ ቆርሰን፣ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድተን ስንበላ “አጎቴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ ይወርዳል?” ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ አጠገቡ ነበሩና ለመልሱ እንደ ጓጓ ገባኝ።

ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ዓዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የጥንት የአክሱም ንጉሥ በግሪክ ቋንቋ ያስጻፈውን ጽሕፈት መገልበጡን ነገርሁት። ንጉሡ ስላደረጋቸው ዘመቻዎች ሲዘረዝር፣ ዓባይን ተሻግሮ የሰሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ ተራሮቹም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበራቸው ይናገራል። እነዚህ ራስ ዳሸን ያለባቸው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱት የሰሜን ተራሮች ናቸው። “እስከ ጉልበት” ስል ልጁ ለጓደኞቹ በእንግሊዝኛ ተረጐመላቸውና “ግማሽ ሜትር መሆኑ ነው” ብሎ ደመደመ። እኔም ደስ አለኝ። ቦታው ተነግሯል፣ ጥልቀቱ ተነግሯል፣ የለካውም በእግሩ የገባበት ሠራዊት ነው። ጥሩ ዘገባ ነው።

ይህን ስንጨዋወት ከጓደኞቹ አንዱ “ከገመዱ ወዲያ እንሂድ፤ ዱቄቱ ያለው እዚያ ነው” አለ። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየ።

ገመዱ የሸርተቴው ቦታ ወሰን ነው። ከገመዱ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ጠባቂዎች ማለዳ ፈንጂ እያፈነዱ የበረዶ ናዳውን አስቀድመው ያወርዱታል። ከገመዱ ወዲያ ግን ሰው ለራሱ ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ ዜና አለ፤ የናዳ ማስጠንቀቂያ ይባላል። በባንፍና በአካባቢው ፓርኮች የሚያወጣው ፓርክስ ካናዳ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ተራሮች ብዙዎቹን ደግሞ አቫላንሽ ካናዳ የተባለው ድርጅት ይሸፍናል። አደጋው በአምስት ደረጃ ይነገራል፦ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ አሳሳቢ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ። ያን ቀን ማለዳ አይቼው ነበር፤ 3 ይላል። ከአምስት ሦስት ሲባል ፈተና ያለፈ ተማሪ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ሰው ቢረግጠው ናዳው ሊነሣ የመቻሉ ነገር ያመዝናል ማለት ነው።

ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል። በሮኪ ተራሮች በረዶው ስስ፣ ብርዱ ብርቱ ስለሆነ፣ ከሥር ያለው ንብርብር ይበታተንና እንደ ስኳር ይሆናል። በላዩ ላይ ነፋስ የጠቀጠቀው አዲስ በረዶ ሲጫንበት፣ በተደፋ ጤፍ ላይ የተነጠፈ ሳንቃ ማለት ነው። ያ 18 ሳንቲ ሜትር ለቲኬት ሻጩ የምሥራች፣ ለናዳው ግን ሸክም ነበር።

ካልጋሪ ውስጥ ይህን እንደ ዋዛ የሚያይ ወላጅ አይገኝም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ከከተማዋ አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሮጀርስ ፓስ በሚባለው ስፍራ በስኪ ሲጓዙ ናዳ ወርዶባቸው ሰባቱ ሞቱ። የዚያን ዕለት ማስጠንቀቂያም በከፍታው ላይ “አሳሳቢ” ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በ2004 ዛሬ አቫላንሽ ካናዳ የተባለው ማዕከል የተቋቋመው፤ የመልከዓ ምድሩም አደገኛነት ለብቻው በደረጃ መመደብ የጀመረው።

“አትሄድም” አልሁት። “እኔ ስኪ አላውቅም፤ ማንበብ ግን አውቃለሁ።” ለጓደኞቹም ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸውና እንዳይሄዱ ለመንኋቸው። ሁለቱ ሄዱ። አንዱ ቀረ። የእኅቴ ልጅ አኮረፈኝ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለቱ ልጆች እየሳቁ በደህና ተመለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ግን አፈርሁ። የማስጠንቀቂያ ዕጣው ይህ ነው። የሰማው ሰው ከምን እንደ ዳነ አያይም፤ ያልሰማው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደህና ተመልሶ ይስቅበታል። ስንመለስ ልጁ ግማሽ መንገድ ድረስ አልተናገረኝም። ኮክሬን መገንጠያ ስንደርስ ግን “ጓደኞቼን ‘አጎቴ ከልክሎኝ ነው’ ብያቸዋለሁ፤ ደግ አደረግሁ?” አለኝ። “ደግ አደረግህ፤ ሁልጊዜ በእኔ አሳብብ” አልሁት።

ቤት ስንገባ አዲስ አበባ ነግቷል። እናቴ ጋ ደወልሁ። እንደ ልማዷ “ብርዱ እንዴት ነው ልጄ?” አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ “ደህና ነው እማዬ፣ ፀሐይ ነው፤ ምንም ብርድ የለም” አልኋት። ልጁ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲሰማ ኖሮ ቀና አለና፦

“አጎቴ፣ የት ቆመህ ለካኸው?” አለኝ።

ቲኬት ሻጩ ቅዳሜ በረዶ ይጨምራል፤ እኛ ስደተኞች ደግሞ ለእናቶቻችን ስንናገር እንቀንሳለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ብርዱን ስትጠይቀኝ ከነዲግሪው፣ ከነሰዓቱ እነግራታለሁ። “ከዜሮ በታች 22 ነው እማዬ፤ ካፖርቴን ለብሻለሁ።” መጀመሪያ ደነገጠች። አሁን ግን እሷም ስለ ጉልበቷ ሕመም ስጠይቃት “ደህና ነኝ” ብቻ ማለቱን ትታ፣ የትኛው እግሯን እንደሆነና ስንት ቀን እንደያዛት ትነግረኝ ጀምራለች።