የቅኔ ተማሪ አገር፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እስከ ገበዝ ማርያም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እስኪደርስ በአብዛኛው የሚያቋርጠው ወይና ደጋውን፣ ማለትም ከቆላው ሙቀትና ከደጋው ብርድ መካከል ያለውን፣ ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ በብዛት የሚመረትበትን ምድር ነው። ከዚህ መንገድ በስተ ሰሜን ግን መሬቱ እያደገ ሄዶ ገብስና ድንች ወደሚበቅልበት ደጋ ይወጣል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደጋ ዳሞት፣ ቋሪትና ሰከላ የተባሉት የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ገበዝ ማርያም የቋሪት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወረዳው በደቡብ ከጃቢ ጠህናን፣ በምሥራቅ ከደጋ ዳሞት፣ በሰሜን ከይልማና ዴንሳ፣ በምዕራብም የዓባይ ምንጭ ካለበት ከሰከላ ጋር ይዋሰናል። በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ደጋ የሚያውቀው ከሩቅ በሚታየው የተራራ ጀርባ ብቻ ነው፤ በእግሩ የሚመጣው የአብነት ተማሪ ግን ለብዙ ትውልድ ያወቀው ከውስጥ ነው።

በጎዳናው ላይ ካሉት ከተሞች ፍኖተ ሰላም የዞኑ መቀመጫ ናት። የቀድሞ ስሟ ወጀት ሲሆን፣ የአሁኑን ስም ያገኘችው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል በማለፋቸው እንደ ሆነ ይነገራል። ቡሬ በበኩሏ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠልባትና በበርበሬዋ የታወቀች የገበያ ከተማ ናት፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠንካራ ምሽግ ነበረባት፤ በቅርቡ ደግሞ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቶባታል። የሁለቱም እድገት ከመኪና መንገዱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የአካባቢውን የቆየ ታሪክ ከእነርሱ መንደርደር ያሳስታል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ይህን አገር ከሩቅ ግዛቶች ጋር ያገናኙት የነበሩት ነጋዴው፣ ወታደሩና ተማሪው ሲሆኑ፣ ከሦስቱ ሸቀጥም መሣሪያም ሳይዝ የሚመጣው፣ መጥቶም ለዓመታት የሚቀመጠው የመጨረሻው ነበር።

ተማሪውን ወደ ጎጃም የሚስበው በዋነኛነት ቅኔ ነው። ቅኔ በግእዝ የሚደረስ፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጊዜ የሚቀርብ፣ በዜማና በስንኝ ሕግ የተወሰነ ድርሰት ሲሆን፣ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና የመጀመሪያው ደረጃ፣ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ተከታዩ፣ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ደግሞ ተማሪው ብስለቱን ከሚያሳይባቸው ከፍተኛ ዓይነቶች አንዱ ነው። በቅኔ ትምህርት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ቤቶች፣ ማለትም የራሳቸው አካሄድና ስልት ያላቸው የመምህራን የትምህርት ሐረጎች፣ በስም ይጠራሉ፤ እነርሱም ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ናቸው። ዋድላ የወሎ ሲሆን ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፤ ጎንጅ በትውፊት ተዋናይ ከተባለው የቅኔ ሊቅ ጋር ይያያዛል። ዋሸራ የሚለው ስም ዛሬ በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የዚህ አካባቢ መለያ በሆነው የበግ ዝርያ ሲሆን፣ የቅኔው ቤትና በጉ በአንድ ስም መጠራታቸው የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሶ ለኖረው ተማሪ የሚያስገርም አይመስልም።

የአብነት ትምህርት፣ ማለትም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥር በቃልና በመምህር ፊት የሚሰጠው ባህላዊ ትምህርት፣ በአንድ ቦታ የሚጨረስ አይደለም። ንባቡን በትውልድ ደብሩ የጀመረ ልጅ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር፣ ለቅኔ ደግሞ ወደ ጎጃም መሄድ ይኖርበታል። ከዚህም በላይ በቤተሰብ አጠገብ መማር እንደ እንቅፋት ይቆጠር ነበር፤ ከብት የሚያስጠብቅ አባት፣ የምታባብል እናት፣ የሚጠራ ሠርግና ተዝካር ባለበት ቦታ የግእዝ ግስ ማጥናትና ቅኔ መቁጠር ያስቸግራልና። ስለዚህ ተማሪው «ሰው አገር» ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ለወላጆቹ ሳይናገር ጠፍቶ ይሄዳል። የሚያነጋግሩት ሰዎች ቋንቋ አንድ ቢሆንም፣ የላስታ ወይም የመርሐ ቤቴ ልጅ በጎጃሙ ዳሞት ዘመድም ርስትም የሌለው ባይተዋር በመሆኑ፣ በዘመኑ ሰው ሚዛን ይህ ጉዞ ዛሬ ባሕር ማዶ ሄዶ ከመማር የሚያንስ አልነበረም።

ጉዞው የሚደረገው በቡድን ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ወዳጅነት ብቻ አይደለም። ብቻውን የሚሄድ ልጅ ለሽፍታም ለውሻም ለወንዝም የተጋለጠ ሲሆን፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው የሚሄዱት ግን በዕድሜ ወይም በትምህርት የበለጠውን መሪ አድርገው፣ የሞላ ውኃ ሲገጥማቸው በዱላ ተያይዘው፣ ሲመሽባቸውም ከደጃፍ ቆመው «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ብለው አብረው ያድራሉ። ስንቃቸው በአኮፋዳ፣ ማለትም ከሰሌን ወይም ከሣር በተሠራው የተማሪ መያዣ፣ የሚቋጠር ቆሎ ሲሆን፣ «ቆሎ ተማሪ» የሚለው መጠሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። መንገድ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ከወጣ፣ ወንዞች ከጎደሉና ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ትምህርቱ አይቋረጥም፤ የቀደመው ለኋለኛው ግስ ያስጠናዋል፣ ያገኙትን ተራራና ወንዝ ምክንያት አድርገው ቅኔ ይሞክራሉ፣ በሚያድሩበት ደብር ካለ መምህር ጋርም ይጠያየቃሉ፤ በዚህም የትኛው የኔታ (ተማሪ መምህሩን የሚጠራበት የአክብሮት ስም ነው) በምን እንደሚበልጥ ከአፍ ወደ አፍ ይሻገራል። ማስታወቂያ በሌለበት ዘመን የመምህራን ዝና ከዋግ እስከ ዳሞት የደረሰው በእነዚህ ቡድኖች አማካይነት ነው ማለት ይቻላል።

ከመንገዱ ፈተናዎች ሁሉ የከበደው ዓባይ ነው። ወንዙ ከሰከላ ግሽ ተነሥቶ ወደ ጣና ከፈሰሰ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ስለሚከባት፣ ከቤጌምድርም ከወሎም ከሸዋም ለሚመጣ እግረኛ ጎጃም መግባት ማለት ዓባይን መሻገር ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከተሠሩት ድልድዮች አንዱ፣ በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ፣ በአርበኞች ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ መንገደኞች ለብዙ ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች በሚጎተት ገመድ እየታሰሩ በክፍተቱ ላይ ይሻገሩ ነበር። ተማሪው ለዚህ የሚከፍለው ገንዘብ ስለማይኖረው ምርቃቱን ይከፍል ነበር፤ ገመድ ጎታቹ ምርቃቱን መቀበሉ የተለመደ ቸርነት እንጂ ውለታ ተደርጎ አይታይም ነበር።

ወደ ደጋው ከደረሱ በኋላ ያለውን ሕይወት ለመረዳት የአካባቢውን አሰፋፈር መመልከት ያስፈልጋል። የምዕራብ ጎጃም ገጠር በየደብሩ የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ጽድና ዋንዛ ከሞላበት ቅጥር ባሻገር፣ የገበሬው ቤቶች በየእርሻው ጥግ ተበታትነው ይታያሉ። ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከእንጨትና ከሣር ትንንሽ ጎጆዎች ቀልሰው ሲኖሩ፣ በቀን አንድ ጊዜ ወደ መንደር ወጥተው አጥቢያውን ተከፋፍለው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፤ ይህም «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ትሰጣለች፤ ያገኘ ላላገኘ፣ ጤነኛው ለታመመው ያካፍላል፤ የተረፈውም ደርቆ ኮቸሮ ሆኖ ለነገ ይቀመጣል። ቤቶቹ ተበታትነው መኖራቸው ለተማሪው እግር አድካሚ ቢሆንም፣ ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ እንዳይወድቅ አድርጎታል። መቶ ቤት ያለው አጥቢያ ሃያ ተማሪ ቢቀበል፣ ከየቤቱ የሚወጣው ጥቂት ቁራሽ ስለሆነ ማንም ሳይደኸይ ጉባኤው ይኖራል፤ በዚህ ስሌት ሲታይ የዚህ አካባቢ ከፍተኛ ትምህርት ያለ በጀት ለምእተ ዓመታት የቆየው በገበሬው፣ ይልቁንም በገበሬው ሚስት ጓዳ ነው።

የቀኑ ሥርዓት የተወሰነ ነው። ተማሪው ጠዋት ከየኔታ የእለቱን መንገድ ተቀብሎ ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ብቻውን ይወጣና ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ቃልና ሐሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ማምሻውን በየኔታ ፊት ቆሞ የደረሰውን ቅኔ ይናገራል። መምህሩ የሰዋስው ስሕተቱን ያርማል፣ የሰሙንና የወርቁን፣ ማለትም የላዩንና የተሸሸገውን ትርጉም መግጠም ይመረምራል፣ የራሱንም ቅኔ ለአብነት ይዘርፋል። ቅኔ ቤትን ከሌሎቹ ቤቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ድጓ ወይም ቅዳሴ የተማረ ሰው የተቀበለውን በትክክል መመለስ ሲኖርበት፣ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ቢደግም አንዳች አልሠራም። የዕለት ምግቡን በልመና የሚያገኝ ልጅ በዕለቱ ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ እንዲቀርብ የሚያስገድደው ይህ ሥርዓት ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ የአስተሳሰብ ነጻነትን በባህላዊው ትምህርት ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የዚህ ሕይወት ትዝታ ብዙ ጊዜ በቀልድና በናፍቆት ስለሚነገር፣ ጭካኔው ይሸፈናል። በተጨናነቁ ጎጆዎች ውስጥ ቅማልና እከክ የዘወትር ነበሩ፤ ተስቦ ሲገባ ከጎጆ ወደ ጎጆ ይዛመት ነበር፤ የውሻ ጠባሳ በእግሩ ላይ የሌለበት አሮጌ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ስንት ልጅ በመንገድ እንደ ቀረ የመዘገበ የለም፤ የተጻፈልን ተርፈው አለቃ ወይም ደራሲ የሆኑት የተናገሩት ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከቃላቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ይገኝበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ ስለ ነበሩ፣ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ባለችው ማንኩሳ እንዲወለድ፣ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ፣ ወደ ዲማም እንዲሄድ አድርገውታል። አንባቢ ልቦለዱን የሚያስታውሰው በፍቅሩ ቢሆንም፣ የሴራው መነሻ ከትውልድ ቀዬው የወጣ ተማሪ ሰው አገር ገብቶ መምህር መሆኑ ነው።

ይህ መንገድ የወንዶች ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ሴት ልጅ ከወንድ ተማሪዎች ጋር አገር አቋርጣ መሄድ፣ በየደጁም መለመን አይፈቀድላትም ነበር። በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከዚህ ደንብ የተለዩ ታላቅ ሴት ናቸው። በልጅነታቸው ዐይናቸውን ያጡት እማሆይ የተማሩት መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ዘንድ፣ በቤታቸው ነው። ሊቅነታቸው ብዙ ጊዜ የሚደነቀው ከዐይነ ስውርነታቸው ጋር ተያይዞ ቢሆንም፣ ነገሩ ሌላም ጎን አለው፦ እርሳቸው አገር ለአገር መዞር ሳያስፈልጋቸው ለዚህ ማዕረግ የበቁት መምህሩ አባታቸው በመሆናቸው ነው፤ መምህር አባት ያልነበራቸው ሌሎች ሴቶች ልጆች ግን በሩ ተዘግቶባቸው ቀርተዋል። በኋላ ከሩቅ የመጡ ወንዶች ተማሪዎች በእግራቸው ተጉዘው በእርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል።

ስለዚህ አገር በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ጉዞ ሌላ ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቋሪት ጎን ባለችው ሰከላ የዓባይን ምንጭ አይተው መጻፋቸው በዓለም ታውቆላቸዋል። በእነዚያው ዓመታት በዚያው ምንጭ አጠገብ ያለፉ ተማሪዎች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ምንጩ ለእነርሱ የሚገኝ ምስጢር አልነበረም።

የተማሪውና የአጥቢያው ትስስር በእጅጉ የተናወጠው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት መምህሩ የሚኖረው በሰሞን መሬት፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በተመደበ መሬት ገቢ ስለ ነበር፣ ተማሪውን ገንዘብ አይጠይቀውም ነበር፤ መሬቱ ሲወሰድ መምህሩም ደመወዝ ፈላጊ ሆነ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በየቀበሌው ሲከፈት ልጆች በቤታቸው እያደሩ መማር ቻሉ፤ የእርሻ መሬት ሲጠብና እህል ሲወደድም የቁራሹ ስሌት እንደ ቀድሞው አልሰምር አለ። በቅርብ ዓመታት ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ማደሪያና የመምህራን ድጎማ ማቅረባቸው ክፍተቱን በከፊል ሞልቷል፤ በጎጆ ፋንታ የቆርቆሮ ማደሪያ፣ በልመና ፋንታ የጋራ ወጥ ቤት የሚታይባቸው ጉባኤዎችም አሉ። ሆኖም ማደሪያው የሚሠራው መንገድ በሚደርስበት ደብር በመሆኑ፣ ከአውራ ጎዳናው የራቁት የደጋ አጥቢያዎች ተማሪያቸውን የሚያጡት በዚሁ እርዳታ ጭምር ነው።

ዛሬ ከወሎ ወይም ከሸዋ የሚነሣ ተማሪ ዓባይን በአስፋልት ድልድይ ተሻግሮ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ በአውቶቡስ ይወርዳል፤ በእግሩ የሚቀረው ወደ ደጋው የሚወጣው ክፍል ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ግጭት ወዲህ ይህም መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በብዙ ወረዳዎች ሲዘጉ፣ በየኔታ ደጃፍ የሚሰበሰበው ጉባኤ ሕንፃም የትምህርት ዘመንም የማያስፈልገው በመሆኑ በያለበት ለመቀጠል ይሞክራል። ቅኔውን የጨረሰ ተማሪም ቢሆን ከመምህሩ ምስክርነት ተቀብሎ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም መሄድ ስላለበት፣ መንገዱ እስኪከፈት ከየኔታው ዘንድ ተቀምጦ ለታናናሾቹ ግስ ያስጠናል።