ኤንትሬ ሐረጎን ስትወጣ

ከኮምቦልቻ ተነስታ የሐረጎን አቀበት የምትወጣ ኤንትሬ ከመታየቷ በፊት ትሰማ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ማርሽ ሲቀነስ ሞተሯ ያቃስታል፤ ጭጋጉ ሸፍኗት ድምፅዋ ብቻ ይቀርባል፤ ቀጥሎ መብራቷ፣ ከዚያ እንደ ጢም የተዘረጋው የፊቷ ጌጥ። እኛ ልጆች ከመንገዱ ዳር ቆመን ሾፌሩን «ጋሼ! ጋሼ!» እያልን እጃችንን እናውለበልባለን። ጥሩምባውን ከነፋልን ቀናችን የሰመረ ነው።

ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ናት፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጭ ስለነበር ክረምት ክረምት ከደሴ ብርድ ወርጄ እሱ ዘንድ እሰነብት ነበር። ጣሊያንኛ አይችልም። ግን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ ሲል እነዚህ ቃላት የወሎ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስሉኛል።

መሪዋ በቀኝ ነው። ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ ከመቀመጫው ቁልቁል እያየ ተሳቢዋን ያጥፋል፤ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ለመዝለል ይዘጋጃል። ከአሰብ በሚሌና በባቲ አልፎ የመጣ ጭነት ኮምቦልቻ ላይ ያድር ነበር። በረሃ ያጠቆረው ሾፌር ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ፣ አባቴ የተጨረማመተ ፓራፋንጎ በመዶሻ እያቃና የመንገዱን ወሬ ይጠይቀዋል። የቆርቆሮው ድምፅና ወሬው አይለያዩም ነበር።

አባቴ «አምቼ» ሲል ድምፁ ይለወጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የመኪና መገጣጠሚያ ነው፤ በፊያት ተሳትፎ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ። ክፍሉ ከጣሊያን ይመጣ፣ እዚህ ይገጣጠም ነበር። «የኛ ልጆች ናቸው የሚያስሩት» ይል ነበር፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልነበረውም፤ አያስፈልገውምም።

ስሙ ከፋብሪካው አልፎ ሰው ላይ ወጣ። ከኤርትራውያን ወላጆች እዚህ ተወልደው ያደጉትን «አምቼ» ይሏቸው ጀመር፤ ክፍሉ ከዚያ፣ መገጣጠሙ ከዚህ እንደ ማለት። ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ በናፍጣ ብሎን የሚያጥብ አንድ አምቼ ጓደኛ ነበረኝ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ መኪናዋ የማን እንደሆነች ይናገር ነበር፤ አይስትም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ እሱም ሄደ። መንገድ ሲዘጋ ሰው እንዲህ አብሮ እንደሚዘጋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ኋላ አባቴ ካረጀ በኋላ ሌላ ወሬ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ የቤት መኪና እየገጣጠመ ነው ተባለ። መጀመሪያ ከቱርክ ሥሪት ፊያት የወጣችው ዶክ፣ ቀጥሎ በቻይናዊቷ ሊፋን 520 ላይ የተመሠረተችው ዓባይ፤ ከዚያም አዋሽ፣ ተከዜ፣ ሸበሌ እያሉ የወንዞቻችንን ስም አወጡላቸው። ስም አወጣጡን እስከ ዛሬ እወድደዋለሁ። የቻይና አካል ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ኤንትሬም የጣሊያን አካል እንደነበረች አስታውሳለሁ። ሐረጎ ላይ የኛ ያደረጓት ሾፌሩ፣ ረዳቱና ቀጥቃጩ ናቸው። ዓባይና እህቶቿ ያን ያህል ዕድሜ አላገኙም፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ።

ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን አባቴን ይዤው ደሴ ፒያሳ ስናልፍ አንዲት ዓባይ ቆማ አየን። ባለቤቱን አስፈቅዶ ተጠጋ፤ በቀኝ መዳፉ ፓራፋንጎዋን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ አድርጎ ዳበሰው፤ የበሩን ክፍተት በጥፍሩ ለካ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። ምንም አልተናገረም። ማታ እናቴ እራት ስታቀርብ ነው አንገቱን ቀና ያደረገው።

«ዛሬ ዓባይን ነካኋት» አላት።